የዋልካ መሬት ቀለም

ውባንተ የመተማ ዮሐንስ ታፔላ ጸሐፊ ነው። ከድልድዩ እስከ ገበያው ድረስ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዘው ከተሰቀሉት ታፔላዎች አብዛኞቹ ከእሱ እጅ የወጡ ናቸው። የመድኃኒት ቤቱን እባብ፣ የጋራዡን ጎማ፣ የምግብ ቤቶቹን የተጠበሰ ዶሮ በቆርቆሮ ቀለም የሳላቸው እሱ ነው። ዓረብኛ ማንበብ አይችልም። ነጋዴዎቹ በወረቀት ጽፈው የሚሰጡትን ግን ሐረግ እንደሚስል ሰው መስመሩን እየተከተለ ይገለብጠዋል፤ ከገላባት የሚሻገሩት ሱዳኖች እንኳ ስሕተት አያወጡለትም ነበር።

ኋላ ባነር መጣ። ጎንደር ታትሞ፣ ተጠቅልሎ፣ በአውቶቡስ ተጭኖ የሚመጣ ላስቲክ። ውባንተ መሰላል ላይ ቆሞ ቀናት የሚለፋበትን ሥራ ላስቲኩ በአራት ምስማር ጨረሰው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ከድልድዩ ማዶ ጦርነት ተነሣ። የጭነት መኪናው ሳሳ፤ መኪናው ኋላ ላይ የልጁን ስም የሚያጽፍ ሹፌርም ጠፋ። ውባንተ ዕድሜው ወደ ስድሳው እየተጠጋ ነበር። ቀኝ ክንዱን ከፍ ባደረገ ቁጥር ትከሻው ይጠዘጥዘዋል፤ ጠዋት ከአልጋው የሚነሣውም ጨርሶ እንዳልተኛ ሰው ሆኖ ነው።

በደንብ እንዳይተኛ የሚያደርገው አባቱ ናቸው። አያ አንዱአምላክ በወጣትነታቸው ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም ወርደው በዚያው የቀሩ ሰው ናቸው። ጓንግ ወንዝ ዳር ቁጥቋጦ መንጥረው ያቀኑት ማሳ ነበራቸው፤ ልጅ ያሳደጉትም ሚስት የሞተችባቸውም እዚያው ነው። ወደ ማሳው የሚወስደው መንገድ ሰው የሚታገትበት ሲሆን ጊዜ ውባንተ በትራክተር ተጎታች ጭኖ ወደ ከተማ አመጣቸው። ከዚያ ወዲህ ሳይነጋ ይነሣሉ። በሩን አንኳክተው፣ ወንበራቸውን እየጎተቱ ደጅ ያወጡና ፊታቸውን ማሳው ወዳለበት ወደ ሰሜን አዙረው ይቀመጣሉ። ልጃቸው ብቅ ሲል ይጠይቁታል።

«አንተ ውባንተ፣ እዚያ ዘንቦ ይሆን?»

«እንጃ አባባ።»

«ሰሊጡን ማን አጨደው?»

«መንገዱ ሲከፈት ሄደን እናያለን።»

ጠዋት የመለሰውን ማታም ይመልሳል። ሚስቱ ማዕረግ ገበያ ቅመም ትሸጣለች፤ እሷ ከሄደች በኋላ ቤቱ ውስጥ የሚቀሩት አባትና ልጅ፣ ጥያቄውና መልሱ ናቸው። ውባንተ በአባቱ ተቆጥቶ አያውቅም። ግን ጥያቄው ሊመጣ ሲል ይታወቀውና፣ ገና ከአፋቸው ሳይወጣ ይደክመዋል።

በኅዳር አንድ ቀን ጉምሩኩ አጠገብ ምግብ ቤት ያላት ኩብራ አስጠራችው። የሳሎኑን ግድግዳ አሳይታ፣ «እዚህ ላይ የገጠር አገር ሣልልኝ» አለችው። «ለምለም ይሁን። ከማዶ የሚመጣው ሰው አመድ ሲያይ ከርሞ ነው የሚመጣው። እህል ሲቀምስ ዐይኑም ትንሽ ይረፍ።»

ሥራ ካገኘ ስለሰነበተ ደስ ብሎት ተቀበለ። ካላንደር ላይ የሚታየውን ዓይነት ተራራ ሣለ፤ ከተራራው ፏፏቴ አወረደ፤ ከፏፏቴው ሥር ሐይቅ አኖረ፤ ሐይቁ ላይ ነጫጭ ወፎች ለቀቀ። ኩብራ ወደደችው። ዕቃውን እየሰበሰበ ሳለ ጥግ ላይ ሻይ ይጠጡ የነበሩ ሴት ተነሥተው መጡና ከሥዕሉ ፊት ቆሙ።

ሰፈርተኛው «ኡስታዛ ረቢዓ» ይላቸዋል፤ መምህርት ማለቱ ነው። ገዳሪፍ ውስጥ ሥዕል ሲያስተምሩ ያረጁ ሴት ናቸው። እናታቸው የጎንደር ሰው ስለነበሩ አማርኛ ከቤት ተምረዋል። ጦርነቱ ወደ ከተማቸው ሲጠጋ አንድ ሻንጣና አንድ የእንጨት ሣጥን ይዘው ድልድዩን በእግር ተሻገሩ፤ አሁን ከኩብራ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ ግብፅ ያለችው ልጃቸው እስክትወስዳቸው ይጠብቃሉ።

«ያ ውባንተ» አሉት በዓረብኛ አጠራር፤ ስሙን ከኩብራ ሰምተው ኖሯል። «ይሄን አገር ታውቀዋለህ?»

«የቱን?»

«ይሄን የሣልከውን።»

«ኧረ የት አውቄው።»

«እኔም አላውቀውም» አሉ። ሥዕሉን ጠጋ ብለው አዩና፣ «እጅህ ግን ጥሩ ነው። ለምን የምታውቀውን አገር አትሥልም?» ብለው ወደ ሻያቸው ተመለሱ።

ውባንተ ለመቀየም እንኳ ጉልበት አልነበረውም። ቤቱ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ ግን ነገሩ ተመልሶ መጣበት። የጓንጉን ማሳ ብሥለውስ፣ ብሎ አሰበ። አባባ እሱን እያዩ ይውሉ ይሆናል። ጥያቄው ይቀንስ ይሆናል። በማግስቱ የኡስታዛን በር አንኳኳ።

ረቢዓ ሣጥናቸውን ከፈቱለት። ውስጡ ከወገባቸው የተጨመቁ የቀለም ቱቦዎች፣ ፀጉራቸው ያለቀ ብሩሾችና አንድ ጠርሙስ የተልባ ዘይት ነበር። ውባንተ የሚያውቀው ጠዋት ተቀብቶ ማታ የሚደርቀውን የቆርቆሮ ቀለም ነው።

«ይሄ በዘይት የሚታሽ ነው። ቶሎ አይደርቅም» አሉት። «ችኮላ አይወድም። አንተ ትቸኩላለህ?»

«ይደክመኛል እንጂ አልቸኩልም።»

«ድካም እንኳ ለዚህ ደግ ነው» አሉና ብሩሽ መርጠው ሰጡት።

ካረጀ የጭነት መኪና ሸራ ንጹሑን ቆርጦ እንጨት ላይ ወጠረው፤ ኮላና ጀሶ በጥብጦ ቀባው። ከሥር ያለው ቀለም በማቅጠኛው በአኳራጅ ቀጥኖ፣ ከላይ የሚመጣው በዘይት ወፍሮ መሆን እንዳለበት፣ ያለዚያ እንደ በጋ መሬት እንደሚሰነጣጠቅ ነገሩት። ይህን ሰምቶ ግቢው ውስጥ ከኩሽናው ጥላ ሥር ተቀመጠና ማሳውን ከልቡ እያወጣ መሣል ጀመረ። ማሽላው ቁመቱ ከሰው በላይ፣ ራሱ የቀላ። ሰሊጡ ያበበ። ጓንግ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰማያዊ። ወንዙ ዳር ያለው ግራር እያንዳንዱ ቅርንጫፉ በጥቁር መስመር የተከበበ።

ረቢዓ ለማየት መጡ። ዐይናቸውን አጥብበው ብዙ ቆዩ።

«ጽፈኸዋል» አሉት በመጨረሻ። «ዛፉን አልሣልከውም፤ ዛፍ ብለህ ጽፈኸዋል። ወንዝ ብለህ ጽፈሃል፤ ማሽላ ብለህ ጽፈሃል። ሁሉንም አነበብኩት። ያየሁት ግን የለም።»

የተባለው ገባው። ዕድሜውን ሙሉ የኖረበት ሥራ ሰው ከሩቅ እንዲያነብ ማድረግ ነበር፤ እጁ ሌላ ነገር አያውቅም። ቢሆንም ሥዕሉ ለኡስታዛ ተብሎ የተጀመረ አልነበረምና፣ በማግስቱ ጠዋት አውጥቶ ከአባቱ ወንበር ፊት ግድግዳ አስደግፎ አቆመው።

አያ አንዱአምላክ ጎንበስ ብለው አዩት። በጣታቸው የሸራውን ጠርዝ ነኩት።

«የማን ማሳ ነው?»

«የኛ ነው እንጂ አባባ። የጓንጉ።»

ሽማግሌው ወዲያው መልስ ስላልሰጡ ውባንተ የወደዱት መሰለው። ቆይተው ግን፣ «እንዲህ አምሮ ነው እንዴ ጥለነው የመጣነው?» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

ውባንተ ለአንድ ባለሱቅ ሚዛን ላይ ቁጥር ሊጽፍ ወጥቶ ቀትር ላይ ሲመለስ ወንበሩ ባዶ ነበር። ከዘራውም የለም። ማዕረግን ከገበያ ጠርቶ እሷ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል፣ እሱ በድልድዩ በኩል ፈለጓቸው። አንድ የባጃጅ ሹፌር ነው፣ አንድ ሽማግሌ ወደ ገንዳ ውሃ መውጫ ሲያዘግሙ አይቻለሁ ያለው። ከመጨረሻዎቹ ቤቶች አልፎ መንገዱ ዳር ቁርቁራ ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኛቸው። ጫማቸውን አውልቀዋል፤ ከንፈራቸው ደርቋል። ከፊታቸው የታጨደ የማሽላ ማሳ ነበር፤ እሳቸው ግን ወደ እሱ አልነበረም የሚያዩት፣ ወደ መንገዱ ነው።

«ይታጨድ እንጂ ውባንተ» አሉት ገና ሲያዩት። «እንዲያ ደርሶ እያየን ሊረግፍ ነው?»

አፋቸውን በውሃ አርሶ፣ ጫማቸውን አጥልቆ፣ ደግፎ ባጃጅ ላይ አወጣቸው። መንገዱን ሙሉ ራሳቸው ትከሻው ላይ ነበር፤ የሚያመው ትከሻ ላይ፤ ግን አላነሣቸውም። ያን ዕለት ማታ ሥዕሉን ወስዶ ነጭ ቀለም ለቀለቀበት። ማዕረግ እያየችው ነበር። «ስላልወደዱት እኮ አይደለም የሄዱት» አለችው።

ብሩሾቹን አጥቦ ለረቢዓ ሊመልስ ሄደ። የሆነውን ነገራቸው። «ተውኩት» አላቸው። «ሽማግሌ ሰው ልገድል ነበር።»

ረቢዓ ብሩሾቹን አልተቀበሉትም። «እኔም ገዳሪፍ ያለውን ግቢዬን ልሥል ሞክሬ ነበር» አሉ። «ደጋግሜ ነው የሞከርኩት። ሁልጊዜ ከነበረው በላይ ያምራል። ማንጎው እንዲያ ዓይነት ማንጎ አልነበረም፤ ግማሹ ትል የበላው ነው። ስለዚህ ኸላስ፣ በቃኝ አልኩ።» ብሩሾቹን መልሰው እጁ ውስጥ አስገቡለት። «አባትህ የተቀመጡበት ቦታ ምን ነበር?»

«ምንም የለበትም። የታጨደ ማሽላ ነው።»

«ነገ እዚያ ውሰደኝ።»

በማግስቱ ባጃጅ ተከራይተው ሄዱ፤ ውባንተ አጭሩን መሰላል፣ ረቢዓ ሣጥናቸውን፣ አያ አንዱአምላክ ደግሞ ወንበራቸውን ይዘው። ቤት ብቻቸውን መተው ስለማይቻል ነው የመጡት። ውባንተ መሰላሉን አቁሞ ሸራውን ደረጃው ላይ አስደገፈ። የማሳው ባለቤት ሙኽታር ከሩቅ አይቷቸው በሞተር ብስክሌት እየበረረ መጣ።

«መሬቱ ሊለካ ነው?» ነበር የመጀመሪያ ቃሉ።

«ልንሥለው ነው» አለው ውባንተ።

ሙኽታር ማሳውን ዞር ብሎ አየው። የተቆረጠ አገዳ፣ የተሰነጠቀ ዋልካ፣ ቃርሚያ የሚለቅሙ ከብቶች፣ ወዲያ ማዶ ገና ያልተወቃ የጎረቤት ሰሊጥ ነዶው ተደጋግፎ በሂላ ቆሞ። «ምኑን?» አለ። ከዚያም ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ።

ለውባንተም ምኑን እንደሚሥል አልታየውም ነበር። ተራራ የለ፣ ወንዝ የለ፤ ዐይን የሚይዘው ነገር የለም። መሬቱ ተዘርግቶ ይሄድና አንድ ቦታ ላይ ሰማይ ይሆናል። ሰማዩን ከቱቦው በወጣው ሰማያዊ ቀባው። ረቢዓ በጨርቅ ጠረጉት። «ቀና ብለህ እይ» አሉት። ቀና ብሎ ሲያይ ሰማዩ ሰማያዊ አልነበረም፤ በአጨዳው አቧራ ተሸፍኖ ብዙ ጊዜ የታጠበ ነጭ ልብስ መስሏል። ያን ቀለም ሲያገኝ ፀሐዩ ከረረና ሌላ ሆነበት። በሚቀጥለው ቀን ዛፎቹን ሣለ፤ ተጠረጉ። በሚቀጥለው አገዳውን አንድ በአንድ ተከለው፤ ተጠረገ።

«ዐይንህን አጥብብ» ይሉታል። «አገዳ አትይ። የት ላይ ይጨልማል፣ የት ላይ ይነጣል፣ እሱን ብቻ እይ። ሹወይ ሹወይ፣ ቀስ በል።»

አንዳንድ ቀን ረቢዓ ራሳቸው ይጠፋባቸዋል። እሩቅ ያለ ነገር ወደ ሰማያዊ ያደላል ብለው ለዓመታት አስተምረዋል፤ እዚህ ግን እሩቁ ወተት የበዛበት ሻይ ነው የሚመስለው። ብሩሹን ተቀብለው ይሞክሩና፣ «እኔ እንጃ» ብለው ይመልሱለታል። ውባንተ በዚህ አይበሳጭም ነበር። ጠዋት ጠዋት መሰላል ተሸክሞ መውጣት፣ ትከሻውን እያሸ መቆም፣ ማታ ባዶ ሸራ ይዞ መመለስ የሥራው ጠባይ እንደሆነ ቆጥሮታል። አያ አንዱአምላክ ጃንጥላ ሥር ተቀምጠው ከብቶቹን ያያሉ። ሲያሻቸው፣ «ይሄ ልጅ አገዳውን ረጅም አስቀርቶ ነው ያጨደው» ይላሉ ለራሳቸው። ሙኽታርም ቀስ በቀስ ለመደ፤ በዚያ ሲያልፍ ይቆምና ከሽማግሌው ጋር ስለ ዝናቡ፣ ስለ ትራክተር ኪራዩ ያወራል።

ጥር ሲጋመስ የረቢዓ ልጅ ስልክ ደወለች። ነገሩ ተሳክቷል፤ ጎንደር ወጥተው ከዚያ በአውሮፕላን ነው። በመጨረሻው ቀን ማሳው ድረስ መጡ። ሥዕሉ ግማሽ ላይ ነበር፤ ሰማዩ ተቀምጦ፣ እሩቁ ተቀምጦ፣ መሬቱ ገና አልሆነም። ውባንተ የሚያውቀው መሬት ጥቁር ነው፤ ዋልካ ጥቁር አፈር ነው። ጥቁር ሲቀባው ግን ጉድጓድ ይሆንበታል።

«ይሄን ሳታሳዩኝ ልትሄዱ ነው ኡስታዛ» አላቸው።

«ባውቀው አሳይህ ነበር» አሉ። ነጩን፣ አፈር ቢጫውንና የተጋመሰውን ሰማያዊ ቱቦ ለዩለት፤ የተልባ ዘይቱንም ከነጠርሙሱ ተዉለት። ወደ አያ አንዱአምላክ ሄደው እጃቸውን ጨበጡ። «አገርዎ ይግቡ» አሏቸው።

«አንቺም ልጄ» አሉ ሽማግሌው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለውባንተ ከሁሉም የከበደው ነበር። ስሕተቱን የሚያይለት ሰው ስለሌለ ይጥረገው ወይስ ይተወው ብሎ ለመወሰን እንኳ ይቸግረዋል። ሙቀቱ ጨመረ፤ አቧራው እርጥቡ ዘይት ላይ እየተለጠፈ በቢላ ጫፍ ይፍቀዋል። ሁለት ጊዜ ልተወው ብሎ ቤት ዋለ። ሁለቱንም ጊዜ አባቱ ወንበራቸውን ወደ በር እየጎተቱ፣ «አንሄድም?» አሉት። ስለ ጓንግ አልጠየቁም፤ አንሄድም ነው ያሉት። ስለዚህ መሰላሉን ተሸከመ።

አንድ ጠዋት ቀለም አለቀበት። መደባለቂያው ጣውላ ላይ የሰነባበተው ትርፍራፊ፣ ቢጫው፣ ሰማያዊው፣ የተጠረገው ሰማይና የተፋቀው ዛፍ ሳይቀር ተቀላቅሎ ስም የሌለው ነገር ሆኖ ነበር፤ ወይ ግራጫ አይባል ወይ ቡኒ። ማባከን ስላልፈለገ ዘይት ጠብ አድርጎ አሸው፤ ከታች በሰፊው ብሩሽ ጎትቶ ጎትቶ ቀባው። ትከሻው ስላመመው ክንዱን አላነሣም፤ ብሩሹን ዝቅ አድርጎ እንደያዘ ነበር። ወደ ኋላ ተራምዶ ሲያይ መሬቱ ተኝቷል። ከፊቱ ባለው ማሳ ላይ እንደተኛው ነው የተኛው። ጥቁርነቱ ከውስጥ አለ፤ ከላይ ግን ፀሐይና አቧራ ወስዶታል። ከዚያ በኋላ በስንጥቁ መስመር ላይ ትንሽ ጥላ፣ በአገዳው ጫፍ ላይ ትንሽ ብርሃን ጨመረና ብሩሹን አስቀመጠ። ደስታ አልተሰማውም። መቀመጥ ፈለገ፤ ሌላ ምንም አልፈለገም።

አያ አንዱአምላክ ከወንበራቸው ተነሥተው መጡ። ከዘራቸውን ተደግፈው ሸራውን አዩ፤ ማሳውን አዩ፤ ደግመው ሸራውን አዩ።

«ደክሞታል መሬቱ» አሉ።

ውባንተ ብሩሹን አንሥቶ በጨርቅ ጠረገ።

«ይረፍ። ከርሞ ባይነኩት ነው የሚሻለው።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ ልጃቸው ሳያዞሩ፣ «የኛም ማንም ካልነካው፣ አርፎ ይሆናል» አሉ።

ያን ጊዜ ነው ውባንተ መሰላሉ ሥር መሬት ላይ ቁጭ ያለው። አባቱም ከዘራቸውን ይዘው አጠገቡ ቆሙ።

ኩብራ ሥዕሉን አላደነቀችውም። ውባንተ በደረቀ ጊዜ ሊያሳያት ወስዶት ነበር። «ውባንተዬ፣ ይሄማ በሬን ስከፍት የማየው ነው» አለችው። ደንበኞቿ ፏፏቴው ሥር ፎቶ ይነሣሉ፤ እሱ ይበቃታል። ውባንተ አልከፋውም። ሥዕሉን ባጃጅ ላይ አስደግፎ ሲመለስ ሙኽታር አገኘውና አስቆመው። ሸራውን ተቀብሎ ከፊቱ አራቀው።

«የኔ ነው» አለ፤ መጀመሪያ ጥያቄ ይሁን ንግግር አልታወቀም። ከዚያ፣ «ልጆቼ ጎንደር ነው የሚማሩት። እርሻ ምን እንደሚመስል አያውቁትም። ስጠኝ» አለው።

ውባንተ ለማሰብ አልቆመም። «ውሰደው» አለ። ሥዕሉን ወደ ቤት ተሸክሞ መግባትና የሚሰቀልበትን መፈለግ በራሱ አድካሚ መስሎታል፤ ደግሞም መሬቱ የሙኽታር ነው።

ቤት ሲደርስ አባቱ ደጅ አልነበሩም። ውስጥ መደባቸው ላይ ጋደም ብለው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ውባንተ ጫማውን አወለቀ። እጁን በአኳራጅ አጸዳ፤ ቀጥሎ በሳሙና ታጠበ፤ ሽታው ግን አልለቀቀውም። አልጋው ላይ ጋደም አለ። ማዕረግ ከገበያ ስትመለስ ሁለቱም ተኝተዋል፤ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። በሩ ላይ አንድ ባለሱቅ ቆሞ ነበር፤ ከሱቁ ባነር አንዱ ፊደል በፀሐይ ጠፍቶ በቀለም እንዲሞላለት ፈልጎ ነው።

ማዕረግ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ነገ ይምጡ» አለችው። «ዛሬ ተኝቷል።»